ከበሩ ወዲህ፣ ከበሩ ወዲያ

እኛ አገር የዓለም ፍጻሜ ሲነሣ ሁሉም አፍ ላይ የምትመጣው ቃል አንዲት ናት፤ «ስምንተኛው ሺህ»። ልጅ አባቱን ቢሰድብ ስምንተኛው ሺህ፣ ሽንኩርት ቢወደድ ስምንተኛው ሺህ፣ ጎረምሳው ጆሮውን ቢበሳ ስምንተኛው ሺህ! መቼም በአበው ቆጠራ ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ስላለ፣ ሒሳቡን ልሥራ ለሚል ሰው ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። ገና ይመጣል እያልን የምንፈራው ዘመን ውስጥ ተወልደን፣ ተድረን፣ ወልደን እየኖርን ነው ማለት ነው።

ነገሬን ከዚህ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥታ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቡናው ተጠጥቶ ወሬው ቀዝቀዝ ሲል ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ሰንጠረዥ ወጥቶለታል። ጤፍ ይህን ያህል ኪሎ፣ ሽሮ ይህን ያህል፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ውኃ በጀሪካን።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ቢኖረን እኛ ቤት ስንት ወር የምንቆይ ይመስልሃል?»

«ምነው፣ የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?» አልኳት ደንግጬ። ዘመኑ እንደሆነ በእንዲህ ያለ ጥያቄ የማይደነገጥበት ዘመን አይደለም።

«ኧረ ምንም የለም! መጽሐፍ አንብቤ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ለአምስት ሰው ተብሎ የተሰላ ነው፤ እናት፣ አባት፣ ሦስት ልጆች። ግድግዳ ተጋርተዋቸው የሚኖሩትን፣ እሷን በልጅነቷ አዝለው ያሳደጓትን አሮጊት ፈለግኩ፤ የሉም።

«እማማስ?» አልኳት።

አፈር አለች። «ጋሼ ደግሞ! ለሁሉም አይበቃም እኮ።»

ይህች ልጅ ክፉ አይደለችም። ትምህርት ቤት የሚያስቋጥሩላትን ምሳ ለሁለት ጓደኞቿ ስታካፍል ውላ ርቧት የምትመጣ ልጅ ናት። ታዲያ ይህንን «አይበቃም» ማን አስተማራት? መጻሕፍቱን አውሺኝ አልኳት። ማስተማሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ አመሉ ግን አልተወኝም። ሦስት መጻሕፍት አመጣችልኝ። በሁለት ሳምንት ጨረስኳቸው። ስጀምር ልንቃቸው ነበር፤ ስጨርስ ሌላ ሐሳብ ላይ ደረስኩ።

*

መጻሕፍቱ አሜሪካኖች ለወጣት አንባቢ የሚጽፏቸው ልቦለዶች ናቸው። መነሻቸው ይመሳሰላል። ቦምብ ይወድቃል፣ ወይም ከሰማይ አለት ይወረወራል፣ ወይም ወረርሽኝ ይገባል፣ ወይም መንግሥት ይፈርሳል፤ በቃ፣ የምናውቀው ዓለም ያበቃል። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትተርፋለች፤ ልቦለዱ ከዚያ ይጀምራል። ዋናው ጥያቄ ዓለም እንዴት ጠፋ አይደለም፤ ዛሬ ማታ ምን ይበላል ነው።

የዘሩ ሐረግ ሩቅ ነው። ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1719 ያሳተመው ሮቢንሰን ክሩሶ ቅድመ አያት ነው፤ ዊልያም ጎልዲንግ በ1954 ያወጣው «የዝንቦች ጌታ» ደግሞ አጎት። ወጣቶቹ ለምን እንደሚወዱት ለመረዳት የሥነ ልቦና ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ የሚያበቃ ዓለም እኮ በእውነትም አለ፤ የልጅነት ዓለም። አባት ሁሉን ቻይ አለመሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ፈተና ቀርቶ፣ ሽማግሌ ሁሉ ጠፍቶ በገዛ እጅ እሳት ማንደድ የማያምረው ጎረምሳ የት አለ?

ተማሪዎቼን ከማሰለችባቸው ጥያቄዎች አንዱ «ተራኪው የት ቆሞ ነው የሚያወራን?» የሚል ነበር። ለእነዚህ መጻሕፍት ይህ ጥያቄ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ነው። ረሃብና ሞት በነገሠበት ዓለም አንድ ቤት አለ፤ ቤቱ በር አለው፤ ከበሩ ወዲህ ትንሽ እህል አለ፤ ከበሩ ወዲያ የሚያንኳኳ ሰው አለ። መጽሐፉን ጽፎ የሰጠን ከሁለቱ የትኛው ነው?

የዚህ ሁሉ ታሪክ አባት ኖኅ ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም። የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ ሰባት ልብ ብሎ ያነበበ ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። የመርከቡን በር የዘጋው ኖኅ አይደለም፤ እግዚአብሔር ራሱ ነው። ኖኅ ለዘለዓለም ከዚያ ሸክም ድኗል። የዛሬዎቹ ደራሲዎች ይህን ምሕረት ለገጸ ባሕርያቶቻቸው አልሰጡም። መቀርቀሪያው በልጅቷ እጅ ነው።

*

የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዚ ፎር ዛካራያ» ይባላል። ስሙ የመጣው ፊደልን በመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ከሚያስተምር የሕፃናት መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል አዳም ከሆነ የመጨረሻው ዘካርያስ ነው፣ እንግዲህ የመጨረሻው ሰውም ዘካርያስ መሆን አለበት ብላ ልጅቷ በሕፃንነቷ አስባ ነበር። ደራሲው ሮበርት ኦብራየን መጽሐፉን ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ1973 ሞተ፤ ባለቤቱና ልጁ በተወው ማስታወሻ ጨርሰው በማግሥቱ ዓመት አሳተሙት።

አን በርደን የምትባል የገበሬ ልጅ በኑክሌር ጦርነት ሁሉም ባለቀበት አገር፣ የነፋሱ አቅጣጫ ከመርዙ ባተረፈው አንድ ሸለቆ ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። ላም አላት፣ ዶሮ አላት፣ ማሳ አላት፣ የመንደር ሱቅ አላት። አንድ ቀን መርዝ የማያስገባ ልብስ የለበሰ ሰው ጋሪ እየጎተተ ሸለቆው ይደርሳል። ዋሻ ውስጥ ተደብቃ ታየዋለች። ሰውየው ከውጭ የሚመጣውን የተመረዘ ጅረት ንጹሕ መስሎት ይታጠብበታል፤ ይታመማል። ልጅቷ ከዋሻዋ ወጥታ ታስታምመዋለች። በሩን ከፈተች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የእህቴ ልጅ በንዴት ነው የነገረችኝ። ሰውየው ሲድን ሸለቆው የእሱ ይሆናል። ምን መቼ እንደሚዘራ የሚያዝ እሱ፤ የትራክተሩን ቁልፍ የሚይዝ እሱ፤ ሱቁን የሚቆልፍ እሱ። አንድ ሌሊት ክፍሏ ይገባል፤ ታመልጣለች። በጥይት እግሯን ያቆስላታል፤ በገዛ ውሻዋ ያሳድዳታል። «አየህ ጋሼ፣ ባታስገባው ይሻላት ነበር!»

ይህ መልስ የሚያሻው ክርክር ነው። እንግዳ ሁሉ መልአክ ነው ብሎ ልጅን ማስተማር ልጅን መበደል ነው፤ በተለይ ሴት ልጅን። ኦብራየን ፍርሃቷን አላቃለለም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ከበሩ ላይ ዓይናችንን አንንቀል። በመጨረሻ ምን አደረገች? ቤቱን፣ ላሙን፣ ማሳውን፣ ጅረቱን ትታ፣ ያንን ልብስ ለብሳ፣ ጋሪውን እየጎተተች ወጣች። የሚያስገባት ሸለቆ ፍለጋ! ያ ጠላቷ እንኳ በመጨረሻዋ ሰዓት በስተምዕራብ ወፎች ሲዞሩ አይቻለሁ ብሎ አቅጣጫ ጠቆማት። በር ከፋቿ በር አንኳኪ ሆነች። መጽሐፉ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ እሷን የሚያስገባት ሰው ይኑር አይኑር አይነግረንም።

*

ሁለተኛው የሱዛን ቤት ፌፈር «ላይፍ አዝ ዊ ኒው ኢት» ነው፤ «የምናውቀው ኑሮ» ብለን እንውሰደው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሰማይ የመጣ አለት ጨረቃን ይመታትና ወደ ምድር ያስጠጋታል። ባሕሩ ከተሞችን ይውጣል፤ እሳተ ገሞራው አመዱን ሰማይ ላይ ይነሰንሳል፤ ፀሐይ ትጠፋለች፤ በበጋ ክረምት ይገባል። ሳይንሱን እንተወውና ወደ ማጀት እንግባ፤ የመጽሐፉ ጉልበት ያለው ማጀት ውስጥ ነው።

ሚራንዳ የፔንሲልቫኒያ ልጅ ናት፤ ዕለታዊ ማስታወሻ ትጽፋለች። እናቷ ብልህ ሴት ናት። ነገሩ በተከሰተ ማግሥት ያላትን ጥሬ ገንዘብ ይዛ፣ ልጆቿንና ጎረቤታቸውን ሚስስ ኔስቢትን አሰልፋ ሱፐርማርኬት ትወርዳለች፤ ሕዝቡ ገና ግራ ሲገባው እሷ ጋሪ ትሞላለች። ከዚያ ቀን በኋላ የምታስተምራቸው ትምህርት አንድ ነው፤ ከእንግዲህ የምናስበው ለቤተሰባችን ብቻ ነው። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ገበታ ይወርዳሉ። እናትየው ልጆቿ እንዲበሉ እሷ መብላት ታቆማለች። በመጨረሻም በግልጽ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ይወስናሉ፤ ሁላችንም ባንተርፍ ትንሹ ልጅ ይትረፍ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጀግና የለም፤ የታሸገ ምግብ ቆጠራ ነው ያለው። ቆጠራው ግን ጉሮሮ ይይዛል። የእህቴ ልጅ ሰንጠረዥም ከዚህ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐያሲነቴ የውሸት ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ደሴ ነበር፤ ከወልዲያ የሚመጣው መንገድ ከተማ ከሚገባበት ብዙም አይርቅም። ከሰሜን በእግሩ የሚመጣው ሰው በዚያ በኩል ነው የሚገባው። እማዬ መጀመሪያ ላይ ለመጣ ሁሉ ንፍሮ ትሰጥ ነበር። ኋላ እፍኝ ቆሎ ሆነ። ኋላ ደግሞ ከቀበሌ የሚሰፈርልን እህል ለሰባት ሰው አልዳርስ ሲል በሩ ይዘጋ ተባለ። ሲንኳኳ ወጥቶ «እናታችን የለችም» ማለት የእኔ ሥራ ሆነ፤ የቤቱ ታላቅ ልጅ እኔ ነበርኩና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንኳኳችው የእኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች፤ ወንድሟ ይሁን እህቷ አልጠየቅኳትም። «እናታችን የለችም» አልኩ። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ምንም ሳልሰጣት።

እማዬ የዚያን ዕለት እራት አልበላችም። እኔ በላሁ።

ስለዚህ የሚራንዳን እናት የምኮንንበት አፍ የለኝም። እማዬን ያልኮነንኩ ሰው እሷን ልኮንን? ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል ያሉት አበው ረሃብ የሰውን ሐሳብ ሳይሆን ጉልበቱን እንደሚጠይቅ ያውቁ ነበር። መጽሐፉን ግን መጠየቅ እችላለሁ፤ የሐያሲ ሥራው እሱ ነውና። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ፌፈር የእናትየውን ትምህርት አጽድቃ ነው የምትጨርሰው?

አይደለም! የእህቴ ልጅ አንብባ ያለፈችው ይህንን ነው። መጨረሻው ላይ ቤቱ ውስጥ የሚበላ ነገር ያልቃል። ሚራንዳ ትንሹ ወንድሟ ሞቷን እንዳያይ ብላ ቤቱን ትታ ወደ ከተማ ትሄዳለች፤ ለመሞት ነው የምትሄደው። መንገድ ላይ ነፋስ የሚያበርረው ቢጫ ወረቀት ታነሣለች። ማዘጋጃ ቤቱ ክፍት ነው ይላል። ሄዳ በሩን ትገፋለች። ሰዎች አሉ። እህል አለ! ለመጣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ይታደላል።

ወገኖቼ፣ ይህንን እስቲ ቆም ብለን እናስበው። እህሉ ነበረ። በረሃብ ሊያልቁ የደረሱት እህል ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፤ በራቸውን ዘግተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ማንም ሳያያቸው ስለተቀመጡ ወሬው አልደረሳቸውም። ያቆያቸው በር ሊገድላቸው ነበር። ያዳናቸው ደግሞ የልጅቷ ከበሩ መውጣት ነው። እናትየው አጠራቅማ ወራት ገዛች፤ ልጅቷ አንኳኩታ ሕይወት አገኘች። ደራሲዋ ይህንን አንድም ቦታ በስብከት አልተናገረችውም፤ ችኩል አንባቢ ቆጠራውን ብቻ ይዞ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

*

ሦስተኛውን ብዙ ሰው በፊልሙ ያውቀዋል። የሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ ተከታዮቹ በ2009ና በ2010 ደረሱ። ደራሲዋ በ2020ና በ2025 ወደ ኋላ ተመልሳ የቀደመውን ዘመን የሚተርኩ ሁለት መጻሕፍት ጨምራለች። ሐሳቡ የመጣላት አንድ ምሽት የቴሌቪዥን ጣቢያ ስትቀያይር ነው፤ አንዱ ላይ ወጣቶች ለሽልማት ይወዳደራሉ፣ ሌላው ላይ የኢራቅ ጦርነት ይታያል፤ ሁለቱ ተደበላለቁባት። አቴናውያን ለአውሬ ሰባት ወንድና ሰባት ሴት ልጆች የሚገብሩበት የግሪኮች ተረትም አለበት።

አገሪቱ ፓኔም ትባላለች፤ በላቲን «ዳቦ» ማለት ነው። ዋና ከተማዋ አሥራ ሁለት አውራጃ ትገዛለች። ከእያንዳንዱ አውራጃ በየዓመቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ይወጣሉ፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ነው። ሃያ አራቱ ሜዳ ላይ ተለቅቀው አንድ እስኪቀር ይገዳደላሉ፤ ሕዝቡ በግድ ያያል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ውጊያው አይደለም፤ ራሽኑ ነው። የድሃ ልጅ ከፈለገ ስሙን አንድ ጊዜ ጨምሮ ዕጣው ውስጥ ያስገባል፤ በምትኩ ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት ጥቂት እህልና ዘይት ይሰፈርለታል። ለእናቱ ከፈለገ ሌላ ስም፣ ለእህቱ ከፈለገ ሌላ ስም። ስሙ በየዓመቱ ይጠራቀማል። ተራኪዋ ካትኒስ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስሟ ሃያ ጊዜ ገብቷል፤ የጓደኛዋ የጌል አርባ ሁለት ጊዜ። የሀብታም ልጅ ስም ግን በዕድሜው ልክ ብቻ። ልጆች ሞታቸውን በእህል የሚገዙበት መዝገብ ነው! የእርሻው አውራጃ ልጅ የሆነችው ትንሿ ሩ ደግሞ አዝመራውን የቀመሰ በጅራፍ እንደሚገረፍ ትናገራለች። እህል አምራቹ ይራባል። በዋናው ከተማ ግብዣ ላይ በሁለተኛው መጽሐፍ እንደምናነበው፣ የጠገበው እንግዳ እንደገና መብላት እንዲችል የሚያስመልስ መጠጥ ይቀርብለታል።

የኮሊንስ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። በሌሎቹ መጽሐፎች ረሃብ ከሰማይ ይወርዳል፤ ተጠያቂ የለውም። በእሷ መጽሐፍ ረሃብ ባለቤት አለው፤ መዝገብ ያዥ አለው፤ ሚዛን አለው። ወሎዬ ይህንን ለመረዳት ልቦለድ አያስፈልገውም። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ ያገኘው ምንድን ነው? በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል አልቀነሰም፤ የወሎ ሰው ግን እህል የሚገዛበት አቅም አጣ፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባ እህል ይጫን ነበር። ዝናብ መቅረቱ የእግዜር ነው ብንል እንኳ የመኪናው ጭነት የሰው ነው።

ሁለተኛው ብልጫዋ ወደ በሩ ይመልሰናል። አንና ሚራንዳ ሁለቱም ማስታወሻ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ታሪካቸውን በደብተር የሚጽፉት ከቤት ሆነው ነው። ካትኒስ ግን ከመጀመሪያውም ከበሩ ወዲያ ናት። አባቷ በማዕድን ፍንዳታ ሞቷል፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ ዝናብ እየመታት የዳቦ ቤት ጓሮ ውስጥ የቆሻሻ ገንዳ ስትከፍት የባለቤቱ ሚስት ታባርራታለች። ልጁ ፒታ ሆን ብሎ ሁለት ዳቦ ያሳርራል፤ እናቱ ትመታዋለች፤ ለአሳማ ጣለው ትለዋለች፤ ለልጅቷ ይወረውርላታል። የልቦለዱ ሁሉ መሠረት ይህ ዳቦ ነው። ኋላም ሩ ስትሞት ካትኒስ በአበባ ትሸፍናታለች፤ የሩ አውራጃ የተራቡ ሰዎች ከሌላቸው ላይ አዋጥተው ለካትኒስ ዳቦ ይልኩላታል። የጠላት አገር ልጅ ለተባለችው! ከውድድሩ ሕግ ጋር የሚጋጨው የመጀመሪያው ዐመፅ ቀስት አይደለም፤ ዳቦ ነው።

ነቀፋ የለኝም ማለት አይደለም። ኮሊንስ የሚያዩትን ሰዎች እያወገዘች እኛንም ታሳየናለች፤ ገጹን በጉጉት የምንገልጠው ቀጥሎ ማን ይሞታል ብለን ነው። የፍቅሩ ሦስትዮሽም ከሚገባው በላይ ቦታ ወስዷል። ነጋዴውማ ምን አለፋችሁ፤ ሁለተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የዋናውን ከተማ ጥጋበኞች የሚያስመስል መኳኳያ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ከእሷ በኋላ የተከተሉት ብዙዎቹም ቀስቱን ወሰዱ፤ ዳቦውን ረሱት። መሮጥ፣ መተኮስ፣ ማምለጥ ብቻ! የዚህ ዓይነት ድርሰት በጥቂት ዓመት ውስጥ አንባቢውን ያሰለቸው በዚህ ይመስለኛል።

*

እንግዲህ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። አን ቤቷን ትታ ወጣች። ሚራንዳ ለመሞት ወጥታ ማዘጋጃ ቤት አንኳኳች። ካትኒስ መጀመሪያውኑ በተወረወረላት ዳቦ ነው የቆመችው። ጥሩዎቹ መጻሕፍት ሲጀምሩ ወጣቱን ከበሩ ወዲህ ያስቀምጡታል፤ ሲጨርሱ ግን ከበሩ ወዲያ አውጥተው ያቆሙታል። ዛሬ ዘጊ የሆነ ሰው ነገ አንኳኪ ነው። የሰንጠረዡ ትምህርት የመጽሐፉ አጋማሽ ትምህርት ነው፤ እስከ መጨረሻው ላነበበ ሌላ ነው።

ይህ ደግሞ ልቦለድ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ከወልዲያና ከቆቦ በኩል ደሴ ገባ። ትምህርት ቤቶች ተጨናነቁ፤ የሰው በር እንደገና ተንኳኳ። የሚችለው ከፈተ፤ ያልቻለው ዘጋ። ሁለትና ሦስት ወር ብቻ ቆይቶ፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ ከተማዋ ራሷ በጦርነቱ ተያዘች። ባለበሩ ደሴዬ ልጁን አዝሎ መንገድ ወጣ፤ ደብረ ብርሃን ገብቶ የሰው በር አንኳኳ፤ አዲስ አበባ ገብቶ የዘመድ በር አንኳኳ። በሦስት ወር ውስጥ ከበሩ ወዲህ የነበረው ከበሩ ወዲያ ሆነ። ይህንን ማንም ደራሲ ቢጽፈው «ተጋነነ» እንለው ነበር።

ለእህቴ ልጅ ይህንን ሁሉ ነገርኳት። የ1977ቱን ልጅ ታሪክም ነገርኳት፤ ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም ያልነገርኩትን። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ እማዬ አልነበረም፤ ስለ እኔም አልነበረም።

«ልጅቷ ግን የት ሄደች?»

መልስ የለኝም። ይኼው ነው የቀረን ነገር። ስለዚያ ክፉ ቀን የተጻፈው፣ የተዘፈነው፣ የተቀረጸው ከበሩ ወዲህ ነው። ባለ ካሜራው ጻፈው፣ ባለሥልጣኑ ጻፈው፣ ተመራማሪው ጻፈው፤ ዛሬ ደግሞ እኔ ጻፍኩት። ደብተር የነበረው ቤት የነበረው ነው። ያንኳኳችው ልጅ ከቤቷ የወጣችበትን ጠዋት፣ ሕፃኑን ያዘለችበትን መንገድ፣ «የለችም» ብሎ የዋሻትን ልጅ ፊት እሷ ብትተርከው ምን ትል ነበር? የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ስለ ረሃብ ልታነብ ስትፈልግ ከመደርደሪያዬ አውጥቼ የምሰጣት እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለኝም። ስለዚህ የጨረቃን መመታት ታነባለች።

ጊዜው ገና አላለፈም። ከዚያ መንገድ የተረፉት ዛሬ እናቶች ናቸው፤ አክስቶች ናቸው፤ ጉሊት ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት የሚሸጡልን ናቸው። ክፉ ቀንን ማውራት ስለማይወዱ ዝም ይላሉ፤ እኛም መጠየቅ ስለሚያሳፍረን ዝም እንላለን። እስቲ በየቤታችሁ ጠይቁ። ወጣቶች፣ ከዓለም ፍጻሜ የተረፈ ሰው ታሪክ የምትወዱ ከሆነ፣ ምናልባት ቡና እያፈላችላችሁ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ስትሄድ ሰንጠረዡን ጠረጴዛዬ ላይ ረስታው ሄደች። ትታውም ሊሆን ይችላል። ያቺ ልጅ በሕይወት ካለች እንደ እኔው ሃምሳዎቹን ይዛለች።